የጨበጠውን መፍታት፦ ስለ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ስለ ዳሌ ሕመምና ስለ እጅ ሕክምና

(አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለተሰበሰቡ እህቶችና እናቶች የተናገርኩት ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክየዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪደርስ በአንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቀኝ እጃችሁን ጨብጡ። ጠበቅ አድርጉት። እኔ «ፍቱ» እስክል ድረስ እንዳትለቁት። ስልክ የያዛችሁ በግራችሁ ያዙት፤ ምክንያት አልቀበልም።

ለማታውቁኝ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምሠራው ከእምብርት በታች፣ ከጭን በላይ ባለው ቦታ ላይ ነው። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «የወገብ ሐኪም ናት» ትላለች። አልዋሸችም፤ ግማሹን ነው የነገረቻቸው።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት በራሴ ሆድ ምክንያት ነው። 16 ዓመቴ ላይ የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት እቀር ነበር። ጠርሙስ ሙቅ ውሃ በነጠላ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። እናቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎም ሳያየኝ «ስትወልድ ይተዋታል» አላት። እናቴ ከሕመሜ ይልቅ ያችን «ስትወልድ» የምትለዋን ቃል ሰምታ ደነገጠች። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንዳችንም አልተነፈስንም።

እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ይህን «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚሉትን ነገር ሰምታችኋል? በግራ እጃችሁ አሳዩኝ፤ ቀኙ እንደተጨበጠ ይቆይ። አያችሁ? አዳራሹ ግማሽ ሆነ።

እንግዲህ ኢንዶሜትሪዮሲስ ምንድን ነው? የማህፀንን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍነውን ሽፋን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። እንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚወጣበት) ላይ፣ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ልባስ ላይ፣ ማህፀንን ወደ ኋላ በሚይዙት ጅማቶች ላይ፣ አንጀት ላይ፣ ፊኛ ላይ። ለሆርሞን ይታዘዛል፤ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ሲብስ አንዱን የሆድ ዕቃ ከሌላው ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ ሕመም እንዳለባቸው ይናገራል። ሕመሙ ከጀመረበት ቀን ስሙ እስከሚታወቅበት ቀን ድረስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 12 ዓመት ያልፋል። አንዲት ልጅ በ14 ዓመቷ ታማ ስሙን የምትሰማው ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ድሮ «በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን፣ ሆድ ውስጥ ካላየን አናምንም» ይባል ነበር። አሁን ያ ተለውጧል። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የፅንስ ጥናት ማህበር በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ላፓራስኮፒ የመጀመሪያው በር መሆኑ ቀርቷል። በምልክቷ፣ በአልትራሳውንድ፣ በኤምአርአይ ተነስቶ መድኃኒት መጀመር ይቻላል። መድኃኒቱንና ቀዶ ሕክምናውን ለማህፀን ሐኪሞቹ ልተውላቸው። እኔ የመጣሁት ስለ ጡንቻው ላወራ ነው።

የጠፍር አልጋ የምታውቁ? በእንጨቱ ፍሬም ላይ ቆዳው ተወጥሮ የሚታሰረው። ዳሌያችን እንደዚያ ነው። አጥንቱ ፍሬሙ፣ ጡንቻዎቹ ጠፍሩ። ከፊት ካለው አጥንት ተነስተው ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ ተወጥረዋል። ፊኛው፣ ማህፀኑ፣ አንጀቱ እላዩ ላይ ያርፋሉ። «የዳሌ ወለል» የምንለው ይሄን ነው። ከጠፍር አልጋው የሚለየው፣ ይህኛው ከአተነፋፈሳችን ጋር ይንቀሳቀሳል። አየር ስናስገባ ዝቅ ይላል፤ ስናስወጣ ከፍ ይላል። ሽንት ስንሸና፣ ስንጸዳዳ፣ ግንኙነት ስናደርግ ደግሞ መልቀቅ አለበት።

አሁን ወር በወር ሆዷን የሚያማትን ልጅ አስቡ። ሰው ሲያመው ይኮማተራል። ማንም አላስተማራትም፤ ሰውነቷ ራሱ ነው የሚያደርገው። ከማህፀን፣ ከፊኛና ከአንጀት የሚመጡት ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት የእነዚህ ጡንቻዎች ነርቮች በሚገቡበት ሠፈር ነው። አንዱ ሲጮህ ሌላው ይነቃል። ጡንቻው በወር ሦስት ቀን፣ ከዚያ አምስት ቀን፣ ከዚያ አሥር ቀን ይጨብጣል። ከዓመታት በኋላ የወር አበባው ቢያልፍም አይለቅም። ነርቮቹም በጊዜ ብዛት ይሳላሉ፤ ድሮ የማያም ንክኪ ማመም ይጀምራል።

እጃችሁ እንዴት ነው? ጣቶቻችሁ ነጡ? አንዳንዱ ሰው ረስቶት ለቋል፤ አይቻለሁ። በሉ ፍቱት። ቀስ ብላችሁ። ወዲያው ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም አይደል? ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ያማል እንኳን። ይህ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አሥር ዓመት የጨበጠ ጡንቻ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ለዚህ ነው ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው፣ ቁስሉ ተነቅሎ፣ ሐኪሙ «ተሳክቷል» ብሎ፣ ሕመሙ ግን ያልለቀቃቸው ሴቶች የሚመጡት። አንዲት እህት ነበረች፤ ታሪኳን እንዳትታወቅ ከሌሎች ጋር አቀላቅዬ ነው የምነግራችሁ። ላፓራስኮፒ ከተደረገላት በኋላ የወር አበባዋ ቀለል አለላት። መቀመጥ ግን አልቻለችም። መኪና ስትነዳ በግራ በኩል ከመቀመጫዋ ጠለቅ ብሎ እንደ ካስማ የሚወጋ ነገር ነበራት። ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ልትጠይቅ ነበር። ጉልበቷን ወደ ውጭ እንድትገፋ፣ እኔ ደግሞ በእጄ እንድከለክላት አደረግኩ። «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» አለች። ከዳሌው ግድግዳ ላይ የሚነሳ፣ ጭንን ወደ ውጭ የሚያዞር ጡንቻ ነው። በሽታ አልነበረም እዚያ። ለዓመታት ጨብጦ የቆየ ጡንቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። ዳሌ ሲባል ሁሉም ሰው «ኬግል ሥሪ» ይላል። ዩቲዩቡም፣ ጓደኛም፣ አንዳንዴ ሐኪምም። አርኖልድ ኬግል አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም ነው፤ በ1948 ከወሊድ በኋላ ለላላ ጡንቻ ይህን የማጥበቅ ልምምድ ይዞ መጣ። ለላላ ጡንቻ ጥሩ ነው። የጨበጠን እጅ ግን «አጥብቀሽ ጨብጪ» ብሎ ማዘዝ ምን ይሉታል? ሕመም ያላት ሴት ማንም ሳይመረምራት ኬግል ከጀመረች ሊብስባት ይችላል። ብዙዎቹ ብሶባቸው ነው የሚመጡት።

ታዲያ በእጅ ምን ይሠራል? ነገሩ አዲስ አይደለም። ኤሊዛቤት ዲከ የምትባል ጀርመናዊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በ1929 እግሯ የደም ዝውውር አጥቶ ይቆረጥ እስከሚባል ደርሳ ነበር። አልጋ ላይ ሆና የሚያማትን ወገቧን በገዛ እጇ ስትዳብስ፣ ቆዳዋ ወፍሮና ተጣብቆ አገኘችው። ስትስበው፣ ስትስበው፣ እግሯ ሙቀት ተሰማው። ከዚያ የተነሳው የቆዳና የሥር ሕብረ ሕዋስ ማሸት ዛሬም በእጃችን አለ። ሆድ፣ ጭንና መቀመጫ ላይ ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥጠን እንደ ቂጣ ጠርዝ እያንከባለልን እንሄዳለን። ጤነኛው ቦታ ይንከባለላል። የተጣበቀው እንቢ ይላል፣ ይለበልባል።

በ1937 ደግሞ ጆርጅ ቲል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ጭራ አጥንታቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ሲመረምር ሕመሙ ከአጥንቱ ሳይሆን በዙሪያው ካለው ጡንቻ እንደሆነ ጻፈ። በጣቱ ከውስጥ ጡንቻውን ርዝመቱን ተከትሎ ያሽ ነበር። ዛሬም ያ ማሸት በእርሱ ስም ይጠራል።

ግን ይህ ሁሉ ታሪክ ነው፤ ማስረጃስ? በ2012 የታተመ አንድ ጥናት እወዳለሁ። የሚያም ፊኛና የዳሌ ጡንቻ ሕመም ያለባቸው 81 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የዳሌውን ጡንቻና ሕብረ ሕዋስ ነጥሎ የሚሠራ የእጅ ሕክምና አገኘ። ሌላው ደግሞ የመላ ሰውነት ማሸት፣ ደስ የሚለውን ዓይነት። ሁለቱም ወገን በሰው እጅ ተነክቷል፤ ሁለቱም ተጠይቋል፣ ተሰምቷል። በመጨረሻ በግልጽ ተሽሎናል ያሉት ከመጀመሪያው 59 በመቶ፣ ከሁለተኛው 26 በመቶ ናቸው። ስለዚህ «እጅ ስላረፈባቸው ብቻ ነው» ማለት አይቻልም። ይህ የፊኛ ሕመም ነው፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ አይደለም። በኢንዶሜትሪዮሲስ ላይ ያሉት ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። በ2021 ከቦሎኛ፣ ጣሊያን የወጣው 34 ሴቶች የተሳተፉበት ነው። ጥልቅ ኢንዶሜትሪዮሲስ ኖሯቸው ግንኙነት የሚያማቸው ሴቶች ናቸው፤ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ሕመማቸው ቀንሷል፣ ጡንቻቸውም በአልትራሳውንድ ሲታይ የተሻለ ለቋል። ያ የ2022ቱ የአውሮፓ መመሪያ ግን ስለ ፊዚዮቴራፒ ቁርጥ ያለ ምክር ለመስጠት ማስረጃው አልበቃኝም ብሏል። እኔ የምኖረው በዚህ ሥራ ነው፤ ቢሆንም መመሪያው ልክ ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ በር ስዘጋ ምን እንደሚሆን ስለማታውቁ ነው ብዙዎቻችሁ የምትቀሩት። የመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ወሬ ነው። ሽንት፣ ሰገራ፣ የወር አበባ፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በልጅነት ከዛፍ ወይም ከደረጃ በመቀመጫ መውደቅ። ከዚያ አተነፋፈስ አያለሁ። ሆድ ላይ የሚያመውን ቦታ በጣቴ ጫን አድርጌ፣ ጭንቅላትሽን ከትራስ ቀና አድርጊ እላለሁ። ቀና ስትል ሕመሙ ከባሰ፣ ምንጩ የሆድ ግድግዳው ጡንቻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከቀለለ ወደ ውስጥ ማሰብ አለብኝ። ካርኔት የተባለ ሐኪም በ1926 የጻፈው ነው። መቶ ዓመት የሞላው ነገር ነው፣ ዋጋውም ነጻ፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የውስጥ ምርመራው በአንድ ጓንት ባደረገ ጣት ነው። ብረት የለም። የብልት በር ላይ የግድግዳ ሰዓት እንዳለ አስቡ፤ 12 ከፊት፣ 6 ከኋላ። በሐበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ ብላችሁ እንዳትጨነቁ፤ ሥዕሉን ነው የምላችሁ። ቀስ እያልኩ ከሰዓት ሰዓት እሄዳለሁ። የጠበቀው ቦታ እንደ ክር ይሰማኛል፤ እሷም «እዚያ ጋ» ትላለች። እዚያ እቆያለሁ። አልፈጭም፣ አልደቁስም። ግማሽ ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል። ሕመሙ ከአሥር ሲመዘን ከ4 ወይም ከ5 እንዳይበልጥ። ትተነፍሳለች። በድንገት እንደ ቅቤ ሲለቅ በጣቴ ይሰማኛል። ከበለጠ ጡንቻው ራሱን ለመከላከል መልሶ ይጨብጣል፤ ስለዚህ «አንጀቴን አስራለሁ፣ በርቺ» አይሠራም። «በርቺ» የሚል ቴራፒስት ካጋጠማችሁ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ውጡ።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር አለ፤ ሴቶቻችን በሹክሹክታ የሚጠይቁኝ። አንደኛ፣ ድንግል የሆነች ልጅ። የውስጥ ምርመራ ግዴታ አይደለም። ለማንም። ሆድ፣ ጭን፣ መቀመጫ፣ ወገብ፣ አተነፋፈስ ላይ ከውጭ ብቻ ብዙ ሥራ አለ። ሁለተኛ፣ ግርዛት። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶዎቹ ተገርዘዋል። ጠባሳው ሊያጣብቅ፣ ሊያም ይችላል። ንገሩን። አንዳንዱ የዚህ አገር ባለሙያ አይቶ አያውቅምና ፊቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ቀድሞ መናገር ድንጋጤውን ከእናንተ ላይ ያነሳል። ሦስተኛ፣ ተገዳ የተደፈረች ሴት። ዝርዝሩን መናገር የለባትም። «አቁሚ» ስትል እጄ እንደሚቆም ብቻ ማወቅ አለባት። ሴት ባለሙያ መጠየቅ፣ እህትን ወይም ጓደኛን ክፍሉ ውስጥ ማስገባት መብት ነው።

እጅ የማይችለውን ደግሞ በቀጥታ ልንገራችሁ። እጅ ኢንዶሜትሪዮሲስን አያጠፋም። ቁስሉን አይነቅልም። «በማሸት የተጣበቀ አንጀትሽን አላቅቅልሻለሁ፣ የተዘጋ ቱቦሽን እከፍታለሁ» የሚሉ ክሊኒኮች አሉ። ዋጋቸው ውድ ነው። የሚያቀርቧቸው ጥናቶችም በአብዛኛው ራሳቸው ሕክምናውን የሚሸጡት ሰዎች የሠሯቸው፣ ማነጻጸሪያ ወገን የሌላቸው ናቸው። ለማንም ሴት ይህን ቃል ገብቼ አላውቅም። ሆድ ዕቃን በእጅ የማንቀሳቀሱ ዘዴ ከፈረንሳይ ኦስቲዮፓቶች፣ ሰውነትን በእጅ ከሚያክሙ ባለሙያዎች፣ ነው የመጣው። ለስለስ ያለ ነው፣ አንዳንዷን ያዝናናታል፤ ከዚያ በላይ አልልም።

ወጌሻስ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ወጌሻን አልንቅም፤ አያቴን የተወለቀ ትከሻ የመለሱላት ወጌሻ ናቸው። ሆድን ግን በኃይል ማሸት ሌላ ነገር ነው። እንቁልጢ ላይ ደም የቋጠረ ከረጢት ሊኖር ይችላል። እርግዝና ሊኖር ይችላል። ስሙ ያልታወቀ የሆድ ሕመም በማንም እጅ፣ በእኔም ጭምር፣ ከመታሸቱ በፊት ሐኪም ይየው። ድንገት የሚመጣ ብርቱ ሕመም፣ ትኩሳት፣ ያልታሰበ መድማት፣ በሰገራ ወይም በሽንት ደም ካለ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንጂ ወደ እኔ አትምጡ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ነገር ልስጣችሁ። በጀርባ ተኝታችሁ፣ እግራችሁን አጥፋችሁ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ። አየሩ ሲገባ ሆዱ ይነሳ፤ ከታች ያለው እንደ ጃንጥላ ሲከፈት ይሰማችሁ። አምስት ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። ቀላል ይመስላል፤ ሆዷን ዕድሜዋን ሙሉ ወደ ውስጥ ስባ የኖረች ሴት ግን ሳምንት ይፈጅባታል። ሙቀት ደግሞ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2001 በታተመ ጥናት፣ ሆድ ላይ የሚለጠፍ ለብ ያለ ሙቀት የወር አበባን ሕመም ከአይቡፕሮፌን ባልተናነሰ ቀንሷል። የነጠላና የጠርሙሷ ነገር ትዝ አለቻችሁ? እናቴ ያለ ጥናት ደርሳበታለች። ቆዳችሁን እንዳታቃጥሉ ብቻ።

ሽንት ቤት ስትቀመጡ እግራችሁ ሥር በርጩማ አድርጉ። ቁጢጥ ስንል ፊንጢጣን ከፊት ጎትቶ የሚይዘው ጡንቻ ይለቃል። አገር ቤት ያለ በርጩማም እንዲሁ ነበርን፤ እዚህ መጥተን ከፍ ያለው ላይ ተቀምጠን እናምጣለን። «ከመውጣቴ በፊት ለማንኛውም» ብሎ ሳይመጣ መሽናትንም ቀንሱ። ፊኛው በትንሹ መጮህ ይለምዳል።

ስለ ወጪው። እዚህ አሜሪካ በሁሉም ግዛቶች፣ ገደቡ ቢለያይም፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ፊዚዮቴራፒስት ማየት ይቻላል። ኢንሹራንሳችሁ ግን ወረቀት ሊጠይቅ ይችላልና ቀድማችሁ ደውሉ። «ፔልቪክ ፍሎር ፊዚካል ቴራፒ» ብላችሁ ጠይቁ፤ «የወገብ» ካላችሁ ወደ ወገብ ይልኳችኋል፣ እንደ እናቴ። ሳምንት በሳምንት እየመጣችሁ ከስድስት እስከ አሥር ጊዜ ውስጥ አንዳች ለውጥ ካልታየ ቴራፒስቷን «ለምን?» በሏት። ዝም ብሎ ዓመት ሙሉ መመላለስ ሕክምና አይደለም። አገር ቤት እህት ያላችሁ፣ በዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ገና ጥቂት ነው። ሆኖም በ1974 አዲስ አበባ የተከፈተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒን ከቀዶ ሕክምናው ጎን ይዞ የኖረ ነው። የዳሌ ጡንቻ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው፤ ፊስቱላ ለሌላት ሴት ገና አልተዳረሰም እንጂ።

ጥያቄ ስንጀምር ከኋላ ያሉ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ የልጅ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። አበባዋ ሲመጣ ትተኛለች። እናቷም እንደዛው ነበረች፣ እኔም እንደዛው። ላምጣልሽ?»

«በመጀመሪያ ማህፀን ሐኪም ይያት፣ እማማ» አልኳቸው። «በቤተሰብ የሚሄድ ነገር ነው፤ ሦስታችሁም እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ይንገሩት። ሁለት ወር የሚያማትን ቀን፣ ከአሥር ስንት እንደሚያማት፣ ከትምህርት የቀረችበትን ቀን በስልኳ ትጻፍ። ያን ይዛችሁ ግቡ። ከዚያ እኔ ጋ ትምጣ፤ ከውስጥ አልነካትም። እርስዎም አብረው ይምጡ።»

«እኔ? የእኔማ አለፈ እኮ።»

«ሲያስነጥስዎትስ? ሲስቁስ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ሊስቁ ብለው እግራቸውን አጣመሩና ተዉት።

«ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?» አሉኝ።

«በሁለት ሰዓት፣ እማማ። በሐበሻው።»